ላሟ፣ ዱቄቱና ሕጉ፦ የዴንማርክ የቦቬር ጉዳይ

ጉዳዩ ምንድን ነው

ዴንማርክ ላሞቿ የሚያወጡትን የሚቴን ጋዝ ለመቀነስ ሕግ አወጣች። ሕጉ ብዙ ወተት አምራቾች ቦቬር የሚባል ዱቄት መኖ ላይ እንዲቀላቅሉ ገፋቸው። ዱቄቱ ከአሥር ዓመት በላይ የተጠና ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ፈቅዶታል። በ2025 መጨረሻ ላይ ግን ገበሬዎች «ላሞቻችን እየታመሙ ነው» ማለት ጀመሩ። ነገሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከበረት ወጥቶ የዓለም ዜና ሆነ።

ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራው ሰው ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ «መርዝ ነው የሚያበሉን» ይላል። ሌላው «ገበሬ ለውጥ አይወድም፣ ተራ ወሬ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱንም ትቼ ጉዳዩን የምጽፈው በሌላ ምክንያት ነው። በሙከራ ጣቢያ ደህና የሠራ ነገር በአንድ ጊዜ ብዙ በረት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያጋጥመው ከዚህ በላይ አፍረጥርጦ የሚያሳይ ምሳሌ በቅርቡ አልገጠመኝም። ለኛም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም «ከብት ላይ የአየር ንብረት ሥራ እንሥራ» የሚለው ወሬ እዚህም መጥቷል።

የግለሰቦችን ስም አላነሳም። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከበስተጀርባው ያለው

ላም፣ በግ፣ ፍየልና ሌሎች የሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራቸው ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ሣሩንና ገለባውን የሚያፈራርሱት እነዚህ ናቸው። ሥራቸውን ሲሠሩ ሃይድሮጅን ይወጣል። አርኬያ የሚባሉ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ደግሞ ይህን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ያደርጉታል። ላሟ ታገሳዋለች። ብዙ ሰው ጋዙ ከኋላ የሚወጣ ይመስለዋል፣ ቀልዱም እሱ ላይ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚወጣው በአፍና በአፍንጫ ነው።

አንዲት ትልቅ የወተት ላም በዓመት ከ100 ኪሎ በላይ ሚቴን ልታወጣ ትችላለች። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ሙቀት የማመቅ ጉልበቱ ከባድ ነው። በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ 80 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የአየር ንብረት ሰዎች ዓይናቸውን ላም ላይ የጣሉት ለዚህ ነው። ሚቴን ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለዘመናት ይቆያል።

ለገበሬው ሌላ ሒሳብም አለው። ሚቴን ሆኖ የሚወጣው ጉልበት ላሟ ከበላችው መኖ የመጣ ነው። እንደ መኖው ዓይነት ከጠቅላላው ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይባክናል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የመኖ ባለሙያዎች «ይህን ጋዝ ብናስቀር ወተት ይጨምር ይሆን?» ሲሉ ኖረዋል። የዚህን ጥያቄ መልስ ቆይቼ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ገበሬውን ያሳዘነው እሱ ነው።

ዴንማርክ ትንሽ አገር ናት፣ እርሻዋ ግን ትልቅ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የወተት ላሞች አሏት። አርላ የሚባለው፣ በገበሬዎች የተያዘው ትልቁ የወተት ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነው። በኦክቶበር 2021 የፓርላማ ፓርቲዎች ተስማምተው የእርሻውን ዘርፍ ልቀት በ2030 ከ1990 ጋር ሲነጻጸር ከ55 እስከ 65 በመቶ ለመቀነስ ግብ አስቀመጡ። በ2024 ደግሞ መንግሥት፣ የገበሬ ማኅበራትና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በከብት ልቀት ላይ ግብር እንዲጣል ተስማሙ። ከ2030 ጀምሮ ለአንድ ቶን ልቀት (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሰልቶ) 300 ክሮነር፣ የዴንማርክ ገንዘብ ነው፣ በ2035 ደግሞ 750 ክሮነር ነው፤ ቅናሽ ስላለው ገበሬው በተግባር የሚከፍለው በመጀመሪያ 120፣ በኋላ 300 ክሮነር ይሆናል። በከብት ላይ እንዲህ ያለ ግብር ሲወሰን በዓለም የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አስቀምጡ። ግብሩ እየመጣ ነው። ላም መቀነስ ኪሳራ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ላሙን ሳትነካ ጋዙን የሚቀንስ ነገር አለኝ» ቢላችሁ በደስታ ትሰሙታላችሁ።

ዱቄቱና አሠራሩ

የነገሩ ኬሚካላዊ ስም 3-ናይትሮኦክሲፕሮፓኖል ነው። ባለሙያዎች አሳጥረው 3-ኤንኦፒ ይሉታል። የገበያ ስሙ ቦቬር ነው፣ አምራቹ ደግሞ ዛሬ ዲኤስኤም-ፈርመኒሽ የሚባለው የስዊዘርላንድና የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው።

አሠራሩ በጣም የተለየ ነው፣ ማለትም ጨጓራውን በሙሉ አይነካም። አርኬያዎቹ ሚቴን ሲሠሩ በመጨረሻው ደረጃ ላይ አንድ ኢንዛይም ይጠቀማሉ። ሞለኪዩሉ ያንን ኢንዛይም ያጠፋዋል። ራሱም እዚያው ይፈራርሳል፤ ወደ ናይትሬት፣ ናይትራይትና ፕሮፔንዳዮል ወደሚባል አልኮል ይለወጣል። መጠኑ ትንሽ ነው። የሚሰጠው ከደረቅ መኖ በኪሎ ከ60 እስከ 80 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለአንድ ላም በቀን ሩብ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው።

በ2015 በአሜሪካው የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታተመው ሙከራ ስሙን ካነሡት አንዱ ነው። 48 ላሞች፣ 12 ሳምንት፤ ሚቴኑ 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የሚበሉት መጠን አልተለወጠም። ወተቱም አልቀነሰም። ግን ወተቱ አልጨመረም። የቀረው ጉልበት የተወሰነው ወደ ክብደት ሄደ፣ ወደ ባልዲው አልመጣም። ቀደም ሲል ላነሣሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ለገበሬው ከዱቄቱ በቀጥታ የሚገባ ገንዘብ የለም፤ ሌላ ሰው ካልከፈለለት በቀር ወጪ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈቃዶቹ ተከታተሉ። ብራዚልና ቺሊ በ2021፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2022፣ ብሪታንያ በ2023 መጨረሻ፣ ካናዳና አሜሪካ በ2024። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ወተቱን ለሚጠጣውም ለአካባቢውም ችግር እንደሌለው ደምድሞ ነበር።

ሆኖም ጥናቶቹ ገደቦቹንም ተናግረዋል፣ እና እነዚህ ገደቦች ናቸው በየዜናው የሚዘለሉት። አንደኛ፣ መኖው ጭረት፣ ማለትም ፋይበር፣ ሲበዛበት ውጤቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሞለኪዩሉ ጨጓራ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ጠዋት አንድ ጊዜ ሰጥቶ ሲመሽ መጠበቅ አይቻልም፤ ከሚበላው ሁሉ ጋር በደንብ መደባለቅ አለበት። ሦስተኛ፣ እዚያው ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዳንዶቹ ላይ ላሞቹ የሚበሉት መጠን እንደቀነሰ ታይቷል። ይህ የመጨረሻው እዚያው አገር ውስጥ፣ ከሕጉ በፊት የታወቀ ነገር መሆኑን ልብ በሉ።

ሕጉ ምን አለ

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ50 በላይ ላሞች ያሏቸው መደበኛ የወተት እርሻዎች ሚቴን የመቀነስ ግዴታ ተጣለባቸው። ኦርጋኒክ እርሻዎች አልተካተቱም። ገበሬው ምርጫ ነበረው። ወይ ዓመቱን ሙሉ በመኖው ውስጥ ያለውን ስብ ይጨምራል፣ ወይም ቢያንስ በዓመት 80 ቀን የሚቴን ቅነሳ ዱቄት ይሰጣል። ለዱቄቱ የመንግሥት ድጎማ ተዘጋጀ።

ስብ መጨመር አዲስ ነገር አይደለም። የጎመንዘር ዘይት ወይም ዘይት ያለው ፍሬ መኖ ውስጥ ሲገባ ሚቴን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲበዛ ግን ጨጓራውን ያውካል፣ በዋጋም ውድ ነው፣ እና ዓመቱን ሙሉ ነው። ሰማንያ ቀን በድጎማ የሚለው ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል መስሎ ታየ።

አሁን ካላንደር አውጡና ቁጠሩ። ዓመቱ ዲሴምበር 31 ያልቃል። ሰማንያ ቀን ለመሙላት የመጨረሻው የመጀመሪያ ቀን ኦክቶበር 13 ነው። ወጪ ያለውን ነገር ማንም ቀድሞ መጀመር አይፈልግም። ስለዚህ ብዙ እርሻዎች ኦክቶበር መግቢያ ላይ፣ በኛ መስከረም 21 አካባቢ መሆኑ ነው፣ በአንድነት ጀመሩ። ሕጉ «ኦክቶበር ላይ ጀምሩ» አላለም፤ አጻፉ ግን ወደዚያ ወሰዳቸው። እኔ የጉዳዩ ማጠንጠኛ አድርጌ የማየው ይህን ነው።

ቀድሞ የታየ ምልክት፦ እንግሊዝ

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2024 መጨረሻ፣ አርላ ብሪታንያ ውስጥ በ30 እርሻዎች ላይ ቦቬርን እንደሚሞክር አስታወቀ። ሦስት ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች አብረውት ነበሩ። ዜናው በወጣ በቀናት ውስጥ ሰዎች ወተት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲደፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ማኅበራዊ ሚዲያውን ሞላው።

ሁለት ነገር ተደባልቆ ነበር። አንዱ ውሸት ነው። አንድ አሜሪካዊ ቢሊየነር ከዱቄቱ ጀርባ አለ ተባለ፤ እሱ ገንዘብ ያፈሰሰው ግን ከባሕር አረም በተወሰደ ሐሳብ ላይ የሚሠራ ሌላ የአውስትራሊያ ኩባንያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው እውነት ነው፣ ግን ቦታውን ስቶ ተነበበ። ያልተበረዘው ዱቄት ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ዱቄቱ ዓይንና ቆዳ እንደሚያስቆጣ፣ ሲተነፍሱት ሊጎዳ እንደሚችል፣ የወንድ የመራቢያ አካልን ሊጎዳ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ጓንትና ጭምብል አድርጎ ዱቄቱን ለሚያደባልቀው ሠራተኛ የተጻፈ ነው። ሻይው ላይ ወተት ለሚጨምረው ሰው ግን «እንዲህ ያለ ነገር ልጆቼን ሊያጠጡብኝ ነው» ሆኖ ደረሰው።

የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ወተቱ ደኅና እንደሆነ መግለጫ አወጣ። ብዙም አልበረደም። ሰው ላብራቶሪ ስለሌለው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ «ማን ጠየቀኝ?» ለዚህ ጥያቄ የደኅንነት መግለጫ መልስ አይሆንም።

ከዚህ የዴንማርክ ባለሥልጣናት ሊወስዱት የሚችሉት ትምህርት ነበር። ቦቬር የሚለው ስም አስቀድሞ ቆስሏል። ከዚህ በኋላ የትኛውም በረት ውስጥ ላም ስትታመም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ኦክቶበርና ኖቬምበር 2025

ዱቄቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሪፖርት መምጣት ጀመረ። ላሞች መኖ ይተዋሉ፣ ወተት ይቀንሳሉ፣ ተቅማጥ አለ፣ ትኩሳት አለ፣ የግት ሕመም አለ። አንዳንድ ገበሬዎች የወደቁና እንዲወገዱ የተደረጉ ላሞች እንዳሉ ተናገሩ። ዱቄቱን ሲያቆሙ ላሞቹ እንደተሻላቸው የመሰከሩም ነበሩ። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ከወተት አምራቾች ማኅበራት አንዱ አቤቱታው እንደበዛበት በአደባባይ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን ማቆም አልተቻለም።

ሁሉም እርሻ ግን እንዲህ አላለም። ምንም ያላዩ ነበሩ። ኩባንያውም ምርቱ በብዙ አገሮች ሙከራ እንዳለፈና እንደዚህ ያለ ነገር እንዳልታየበት፣ ቢሆንም ምርመራው ላይ እንደሚተባበር ገለጸ።

ችግሩ ሁለቱም ወገን እውነቱን እየተናገረ ሊሆን መቻሉ ነው። ወቅቱን እንመልከት። ኦክቶበር የሰሜን አውሮፓ ላም ከመስክ ወደ በረት የምትገባበት፣ አዲስ የተዘጋጀ ገፈራ (ታፍኖ የተቀመጠ እርጥብ መኖ) የሚከፈትበት፣ ብርዱ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። መኖ ሲለወጥ ላም መታመሟ ያለ ነገር ነው። በዚያ ላይ ብሉታንግ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከ2024 ጀምሮ ዴንማርክ ውስጥ ገብቷል፤ እሱም ትኩሳት ያመጣል፣ ወተት ይቀንሳል። ታዲያ አንድ ላም ኦክቶበር 20 ላይ ትኩሳት ይዟት መኖ ብትተው ምክንያቱ የትኛው ነው? ገበሬው ዓይኑ ያየውን ይናገራል፣ ተመራማሪው አማካይ ቁጥሩን ይናገራል፣ መልሱ ግን ከሁለቱም እጅ አይገኝም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ባለሥልጣናቱ የመጀመሪያውን ነገር በፍጥነት አደረጉ። ላሞቹ በዱቄቱ ምክንያት ታመሙ ብሎ የሚጠረጥር ገበሬ ማቆም እንደሚችል ግልጽ ተደረገ። ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ከእርሻዎች መረጃ ሰብስቦ እንዲመረምር ተደረገ። የኢንዱስትሪው አማካሪ ድርጅትም ከገበሬዎች መጠይቅ ሰበሰበ። ጎረቤት ኖርዌይ ውስጥ ዱቄቱን ሲጠቀም የነበረ የወተት አቅራቢ ለጥንቃቄ ሲል ለጊዜው አቆመ።

ማቆም መፍቀዱ ትክክል ነበር። ላም ታማ ሕጉን ጠብቅ ማለት የትም አያደርስም። ዋጋ ግን አለው። የታመመበት ሁሉ ሲያቆም፣ ያልታመመበትም ፈርቶ ሲያቆም፣ ሊነጻጸር የሚችለው መረጃ እየሳሳ ይሄዳል። መጠይቅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ችግር ያጋጠመው ሰው ለመመለስ ይቸኩላል፣ ያላጋጠመው ሥራው ላይ ነው።

ምኑ ሠራ

ኬሚስትሪው ሠርቷል። ሚቴን ይቀንሳል፣ ይህን የሚክድ ቁም ነገረኛ ተመራማሪ የለም። ቅነሳው ከ30 በመቶ ያነሰባቸው ሁኔታዎች አሉ፣ እንደ መኖው ነው፤ ሆኖም ከንቱ አይደለም።

ድጎማው በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር። ጥቅሙ ለዓለም፣ ወጪው ለአንድ ገበሬ ከሆነ መንግሥት መሀል መግባቱ ፍትሕ ነው። ሁለት ምርጫ መሰጠቱም እንዲሁ፣ ምንም እንኳ አንዱ ምርጫ ለብዙው የማይቀመስ ቢሆን።

ገበሬዎች የተናገሩት መሰማቱም መልካም ነው። አገሩ የተደራጁ ማኅበራት፣ የየቀኑን ወተት የሚመዘግብ ሥርዓት፣ ቅርብ የእንስሳት ሐኪም አለው። እንዲህ ያለ ቅሬታ በሳምንታት ውስጥ ብሔራዊ አጀንዳ የሆነው ይህ ሁሉ ስላለ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ላሟ ትሞት ነበር፣ ነገሩም እዚያው በረት ውስጥ ይቀር ነበር።

ምኑ አልሠራም

ትልቁ ስህተት ለኔ ማነጻጸሪያ አለመኖሩ ነው። ብዙው በአንድ ወር ሲጀምር «ያልጀመረ ጎረቤት» በቀላሉ አይገኝም። ሕጉ እርሻዎቹን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ወገን በማርች፣ ሌላውን በጁን፣ ሌላውን በኦክቶበር እንዲጀምሩ ቢያደርግ ኖሮ ያው 80 ቀን ይሞላል፣ ሚቴኑም ያው ይቀንሳል፣ ችግር ሲመጣ ግን ከዱቄቱ ይሁን ከወቅቱ በቀላሉ ይታይ ነበር። ተጨማሪ ወጪው ከመርሐ ግብር ሥራ የሚያልፍ አይመስለኝም። ማንም አላሰበበትም ለማለት አልደፍርም፤ ሳይደረግ ግን ቀረ።

ሁለተኛው፣ የ80 ቀን ነገር ራሱ። ለላም ጨጓራ መጀመርና ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። የመኖ ባለሙያ ሁሉ አዲስ ነገር ቀስ ተብሎ፣ በየቀኑ እየተጨመረ እንዲገባ ይመክራል። ሕግ የቀን ቁጥር ሲያስቀምጥ ገበሬው ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ መጠን ሰጥቶ ቀኑን ለመቁጠር ይገፋፋል። ሰማንያው ቀን ሲያልቅ ደግሞ ያቆማል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይጀምራል። ለቁጥጥር የሚመች ነገር ለላም ይመቻል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው መደባለቁ ነው። ሙከራ ጣቢያ ውስጥ መኖው በግራም ተመዝኖ ይሰጣል። እርሻ ላይ በትልቅ ማደባለቂያ ጋሪ ነው፤ አንዱ ጋሪ አዲስ ነው፣ አንዱ ምላጩ የዶለዶመ፣ አንዱ ገበሬ ልጁን ልኮ ያስደባልቃል። ለአንድ ላም ሩብ የሻይ ማንኪያ የሆነ ነገር በብዙ ቶን መኖ ውስጥ እኩል ይዳረሳል ብሎ መተማመን ብዙ ነው። በአማካይ ትክክል የሆነ መጠን ለአንዷ እጥፍ፣ ለሌላዋ ምንም ሊሆን ይችላል። ዴንማርክ ውስጥ የሆነው ይህ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን ማንኛውም እንዲህ ያለ ምርት ሲሰራጭ የመጀመሪያው ምርመራ ከመኖው ገንዳ ከተለያየ ቦታ ናሙና ማንሳት መሆን አለበት።

አራተኛው ግዴታው ነው። በፈቃዱ የገባ ገበሬ ችግር ሲያይ የራሱን ውሳኔ ይመረምራል። ተገዶ የገባ ሰው ችግር ሲያይ ያስገደደውን ይመረምራል። ይህ የሰው ተፈጥሮ ነው፣ የዴንማርክ ብቻ አይደለም።

ለሌላ ቦታ የሚሻገር

ሌሎች ተመሳሳይ ምርቶችም በመንገድ ላይ ናቸው። አስፓራጎፕሲስ የሚባለው ቀይ የባሕር አረም በአንዳንድ ሙከራ ሚቴንን ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል፣ ከቦቬር በእጅጉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ዋናው ንጥረ ነገሩ ብሮሞፎርም የሚባል ለጤና የሚያሰጋ ኬሚካል ስለሆነ የወተቱ ጥያቄ የበለጠ ከባድ ይሆናል፣ አረሙንም በብዛት ማምረት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቅመም ዘይት የሚሠሩም አሉ፤ ውጤታቸው አነስተኛና ወጥ ያልሆነ ነው። የትኛውም ቢመጣ ከዴንማርክ የሚወሰደው አንድ ነው፦ የሙከራ ጣቢያ ውጤት ምርቱን ያስፈቅዳል፣ እርሻ ላይ የሚሆነውን ግን አይተነብይም። ስለዚህ ስርጭቱ ራሱ እንደ ሙከራ መነደፍ አለበት። ከመጀመሩ ከወር በፊት የእያንዳንዱ ላም ወተት፣ አመጋገብና ጤና ይመዝገብ። እርሻዎች በየተራ ይጀምሩ። ቅሬታ የሚቀበል አንድ ስልክ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይዘጋጅ እንጂ ሰው ጋዜጠኛ ጋ ከሄደ በኋላ አይደለም።

ሸማቹ ደግሞ ከሱፐርማርኬቱ መግለጫ በፊት መስማት አለበት። «ለሠራተኛው የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ ለጠጪው ምን ማለት ነው» የሚለውን ጥያቄ ራሱ ኩባንያው ቀድሞ ቢያነሣው ኖሮ እንግሊዝ ውስጥ ያ ሁሉ ወተት አይደፋም ነበር፣ ቢያንስ ግማሹ።

እኛ ጋ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የዳልጋ ከብት አላት። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ሲያደርገው ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮኑ ከእንስሳት ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ፕሮጀክት ዱቄት ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ዱቄቱ ግን ለኛ ከብት ገና አልተሰፋም። የኛ ከብት መስክ ላይ ነች፣ ወይም የጤፍና የስንዴ ገለባ ትበላለች። ገለባ ጭረት ብቻ ነው፤ ጭረት ሲበዛ ደግሞ የ3-ኤንኦፒ ጉልበት እንደሚቀንስ ተናግሬአለሁ። መስክ ላይ የዋለች ላም ከሚበላው ሁሉ ጋር የሚደባለቅ ነገር አትቀምስም። ማደባለቂያ ጋሪ ያለው እርሻ ቢሾፍቱ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ አካባቢ ካሉት ትልልቆቹ ጥቂቱ ነው።

የኛ ሒሳብ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በቀን ከ2 ሊትር የማትዘል ላም ሚቴኗን ለ2 ሊትር ነው የምታካፍለው። ያው ላም ደህና በልታ 5 ሊትር ብትሰጥ ጠቅላላ ጋዟ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ በሊትር የሚደርሰው ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ነገር ገበያ ላይ አለ፦ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስ፣ ደሾ ሣር። ገለባውንም ማሻሻል ይቻላል። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ይረጫል፣ በላስቲክ አየር እንዳይገባው ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ከተከፈተ በኋላ ሽታው እስኪወጣ ይናፈሳል። ደረቅ ዩሪያ በቀጥታ ግን አይሰጥም፣ ከብት ይገድላል። የሚቴን ሥራ ብሎ ማንም አይጠራውም፣ ውጤቱ ግን እዚያው ይደርሳል፣ ገበሬውም ወተቱን ያገኛል።

ትልልቆቹ እርሻዎች ላይ ዱቄቱ ቢሞከር አልቃወምም። ጥያቄው ማን ይከፍላል ነው። የፋጉሎ ዋጋ በየወሩ የሚንርበት ሰው «ይሄ ነገር ስንት ሊትር ይጨምርልኛል?» ሲል መልሱ ዜሮ ነው። ዴንማርክ ውስጥ መንግሥት ከፈለ። እኛ ጋ ሊከፍል የሚችለው ካርበን፣ ማለትም የተቀነሰ ልቀት፣ የሚገዛ የውጭ ድርጅት ነው፣ እሱ ደግሞ የተለካ ነገር ካልሆነ አይገዛም። ናይሮቢ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ማዚንጊራ ማዕከል የአፍሪካ ከብቶችን ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሚቴናቸውን ይለካል። ቢሾፍቱ ያለ እርሻ ከዱቄቱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ልኬት ነው፦ ላሞቹ ዛሬ፣ ዛሬ በሚበሉት መኖ፣ ስንት ግራም ያወጣሉ።